ባለ ድሮውባር ኦርጋን እና ሚዲ፦ ከመግዛታችሁ በፊት

ድሮውባር (እየተሳቡ ድምፁን የሚያስተካክሉ ዘንጎች) ያለው ኤሌክትሮኒክ ኦርጋን ልትገዙ ከሆነ፣ ሻጩ «ሚዲ አለው» ስላላችሁ ብቻ እሺ አትበሉ። ዛሬ ሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተር መልእክት የሚለዋወጡበት መንገድ) የሌለው ኦርጋን ማግኘት ይከብዳል። መጠየቅ ያለበት በሚዲው ምን ምን ይልካል፣ ምን ምንስ ይቀበላል የሚለው ነው። እኔ የራሴን ከኮምፒውተርም ከሌላ ኪቦርድም ጋር አገናኝቼ እየተጠቀምኩበት ነው። እንደ ኦርጋን በጣም እወደዋለሁ። ሚዲው ግን አንዳንድ ቦታ ግሩም ነው፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ያበሳጫል።

ጥሩውን ላስቀድም። የላይኛው ኪቦርድ፣ የታችኛው ኪቦርድ እና የእግር ባሱ የየራሳቸው ቻናል (የሚዲ መልእክታቸው ለብቻው የሚሄድበት መስመር) አላቸው። ባለ አንድ ረድፍ ኦርጋን የገዛ ሰው ሌላ ተራ ኪቦርድ በሚዲ ገመድ ሰክቶ በታችኛው ቻናል ቢያስገባው፣ ባለ ሁለት ረድፍ ኦርጋን አገኘ ማለት ነው። ለእኔ ይሄ ብቻውን ገንዘቡን ያወጣል። ቻናሎቹን ግን አትቀላቅሉ። ሁለቱም በአንድ ቻናል ከሄዱ፣ ግራ እጃችሁ ይዞት የቆየውን ኖት ቀኙ ነክቶ ሲለቀው ድምፁ ጭራሽ ሊቋረጥ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሎረንስ ሃሞንድ እ.ኤ.አ. በ1935 ለገበያ ካቀረበው ኦርጋን ጀምሮ ድሮውባር የሚሠራው ያው ነው፦ ለአንድ ኪቦርድ 9 የሚሳቡ ዘንጎች፣ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 8፣ እያንዳንዳቸው አንድ የድምፅ ንብርብር የሚጨምሩ። ኦርጋን ላይ ቁልፉን አጥብቃችሁ ብትመቱ ድምፁ አይጨምርም። ስሜቱ ያለው ድሮውባሩን እየሳቡ እየመለሱ በመጫወት፣ በእግር ፔዳሉ እና ሌዝሊው (ቀንድና ከበሮ እየተሽከረከሩ ድምፁን የሚያወዛውዙበት ስፒከር) ሲፈጥንና ሲዘገይ ነው። ስለዚህ ድሮውባሩን የማይልክ ሚዲ ኖቱን ቀድቶ አጨዋወቱን ይጥለዋል።

ችግሩ የሚጀምረውም እዚሁ ነው። ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1983 ከወጣ ወዲህ ብዙ ነገር በስምምነት ቁጥር ተሰጥቶታል። ቮሊዩም 7 ነው፣ ኤክስፕሬሽን (በእግር ፔዳል ድምፁን ከፍና ዝቅ ማድረጊያው) 11፣ ሳስቴን (ኖቱን የሚያቆየው ፔዳል) 64፣ የትም ብትሄዱ። ለድሮውባር ግን እንዲህ የጋራ ቁጥር የለም፣ እያንዳንዱ አምራች የመሰለውን መርጧል፣ እንዲያውም የራሱ ዕቃ ብቻ በሚያውቀው የተለየ መልእክት የሚልክም አለ። በዚህ ምክንያት የአንዱን ኦርጋን ድሮውባር ስባችሁ ኮምፒውተር ላይ ያለው የኦርጋን ሶፍትዌር ንቅንቅ ላይል ይችላል። አብዛኛው ሶፍትዌር «ለርን» የሚል ነገር አለው፣ እሱን ተጭናችሁ ዘንጉን ስትስቡ ቁጥሩን ይይዝላችኋል። ለላይኛው 9፣ ለታችኛው 9፣ ለባሱም እንደየዕቃው ሁለት ያህል፤ አሰልቺ ነው ግን አንዴ ሴቭ ካደረጋችሁት አለቀ። ከተራ ስላይደር ጋር የምታገናኙ ከሆነ አቅጣጫውንም ገልብጡት። ስላይደር ወደ ላይ ሲገፋ ይጨምራል፣ ድሮውባር ግን ወደ ራሳችሁ ስትስቡት ነው የሚጨምረው። ካልተገለበጠ እጃችሁ የለመደው ሁሉ ይምታታል።

ሌላው የሚያናድደው መዝለሉ ነው። ዘንጎቹ ሞተር የላቸውም። የተቀዳውን ስታጫውቱ ወይም ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ድምፅ) ስትቀይሩ ድምፁ ይለወጣል፣ ዘንጉ ግን ባለበት ይቀራል። ድምፁ 8 ላይ ሆኖ ዘንጉ 2 ላይ ከነበረ፣ ትንሽ እንደነካችሁት ድምፁ ዘጭ ይላል። መድረክ ላይ ለምትጫወቱ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዘንጉ ድምፁ ያለበት ቦታ እስኪደርስ የሚጠብቅ ሴቲንግ ካለው አብሩት።

መቅዳት ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የድሮው የሃሞንድ ፐርከሽን (ኖቱ ሲጀምር የሚሰማው አጭር ምት) ሁሉም ቁልፍ ተለቆ አዲስ ሲነካ ብቻ ነው «ጠቅ» የሚለው፣ ዘመናዊዎቹም ያንኑ ይከተላሉ። ዘንጎቹን 888000000 (የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እስከ መጨረሻ ተስበው፣ የቀሩት ተዘግተው) ላይ አድርጋችሁ በፐርከሽን ጥሩ ሶሎ ከተጫወታችሁ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ኳንታይዝ ስታደርጉት (ኖቶቹን ልክ በምቱ ላይ ስታሰልፏቸው)፣ ተለያይተው የነበሩ ኖቶች በሚሊሰከንድ ይደራረቡና ፐርከሽኑ መሃል መሃል ላይ ይጠፋል። ኦርጋኑ ተበላሽቶ አይደለም። ኖቶቹን ጫፋቸው ላይ ትንሽ አሳጥሯቸው፣ ይመለሳል። ለነገሩ እኔ ኦርጋን ኳንታይዝ ባይደረግ እመርጣለሁ።

ቁልፉም ይለያል። ኦርጋን ላይ ቁልፉ ገና ትንሽ ሲወርድ ነው ድምፁ የሚወጣው፣ በመዳፍ ጠርጎ መጫወት የሚያምረው ለዚህ ነው። የፒያኖ ዓይነት ከባድ ኪቦርድ በሚዲ ብታገናኙ፣ እሱ ቁልፉ ወርዶ ፍጥነቱን እስኪለካ ስለሚጠብቅ ጠረጋው ይንቀራፈፋል። በተቃራኒው ኦርጋኑን ይዛችሁ የፒያኖ ድምፅ ስትጫወቱ፣ ብዙዎቹ በፈጣን የኦርጋን ሞድ ላይ የምት ጥንካሬ ስለማይለኩ ፒያኖው ሁሉንም ኖት በአንድ ኃይል ይመታዋል። ፒያኖ ለመጫወት ኦርጋን አትግዙ።

ፔዳሉን በአጭሩ፦ የኦርጋን ኤክስፕሬሽን እስከ መጨረሻ ቢለቀቅም ድምፁ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ያው መልእክት ሌላ ዕቃ ጋር ሲደርስ ግን ዜሮ ሊያደርገው ይችላል። ዝቅተኛውን ገደብ ከፍ አድርጉት።

ሌዝሊው ላይ ቅሬታ የለኝም። ሚዲው የሚልከው «ፍጠን» ወይም «ዝግ በል» የሚለውን ትእዛዝ ብቻ ነው፣ ቀንዱ ቶሎ ሲፈጥን የታችኛው ከበሮ ቀስ ብሎ የሚከተለውን ነገር ኦርጋኑ ራሱ ይሠራዋል። መሽከርከሩ ከየት እንደሚጀምር ስለማይቀዳ፣ አንዱን ቅጂ ደጋግማችሁ ብታጫውቱት በየጊዜው ትንሽ ይለያል። እኔ ይሄን ወድጄዋለሁ፣ ሕያው ያደርገዋል።

ከኮምፒውተር ጋር ስታያይዙ ሎካሉን (ቁልፉ የኦርጋኑን ድምፅ በቀጥታ እንዲያወጣ የሚያደርገውን ሴቲንግ) አጥፉ፣ አለዚያ እያንዳንዱ ኖት ከኦርጋኑም ከኮምፒውተሩ ተመልሶም ሁለት ጊዜ ይመታና ድምፁ እንግዳ ይሆናል። ዩኤስቢ ካለው ደግሞ ባለ አምስት ፒኑን የድሮ ሚዲ ገመድ ተዉት። ባለ አምስት ፒኑ በሰከንድ 31,250 ቢት ነው የሚያስተላልፈው፣ አንድ ኖት ወደ 1 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ትልቅ ኮርድ ይዛችሁ ዘንጎቹን አንድ ላይ ስትጠርጉ መልእክቱ ይጨናነቃል።

ከመክፈላችሁ በፊት የመመሪያ መጽሐፉን አውርዱና መጨረሻ አካባቢ ያለውን የሚዲ ሰንጠረዥ እዩ። ድሮውባር በሚልከውም በሚቀበለውም ዓምድ ላይ ምልክት ካለው ግዙት። በአንዱ ብቻ ከሆነ ለመድረክ ይበቃችኋል፣ ቀድታችሁ ለምትሠሩ ግን ሌላ ፈልጉ።