ስለ እስር ማዘዣና አሳልፎ መስጠት ምክር ያገኘንበት የልደታው የጥብቅና ቢሮ

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ የጥብቅና ቢሮ ያገኘነውን አገልግሎት፣ የእኛ ዓይነት ጭንቀት የገጠማቸው ቤተሰቦች እንዲያውቁት እጽፋለሁ። የእህቴ ልጅ ጣሊያን ሲሠራ ከሸሪኩ ጋር በገንዘብ ተጣልቶ አገሩ ከገባ በኋላ እዚያ የእስር ማዘዣ ወጣበት። ቀድመን ያማከርነው አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «ስሙን ከኢንተርፖል አስፍቃለሁ» ብሎ ብዙ ብር ሲጠይቀን እህቴ የጆሮ ወርቋን ልትሸጥ ተነሥታ ነበር።

ጠበቃዋ መጀመሪያ የጠየቁት ፓስፖርቱን ነው። ዜግነት በሚለው መስመር ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 21 ድርጊቱ ሲፈጸም ወይም ጥያቄው ሲቀርብ ኢትዮጵያዊ የሆነን ሰው ለሌላ አገር አሳልፎ መስጠትን እንደሚከለክል፣ ሆኖም ሰውየው እዚሁ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት እንደሚዳኝ አነበቡልን። ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ነገርም አነሡ፤ የውጭ ዜግነት የወሰደ ሰው ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ስለያዘ ብቻ ኢትዮጵያዊ አይባልም።

አንድ ዳኛ የሚያወጣው ማዘዣ በራሱ ድንበር አይሻገርም። የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በፍትሕ አካሎቻቸው በኩል በቀጥታ ስለሚጻጻፉ፣ ተፈላጊው ባይስማማም እንኳ አሳልፎ የመስጠቱ ውሳኔ ከተያዘ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲሰጥ ሕጋቸው ያዛል። አዲስ አበባ ላለ ሰው ግን መንግሥት ለመንግሥት የሚቀርብ ጥያቄ ያስፈልጋል። ለዚህም መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ጠቀሱልን፤ በ1999 ዓ.ም. በሌሉበት ጥፋተኛ ቢባሉም ዚምባብዌ አሳልፋ አልሰጠችም። ልጁ ግን ለመሸጋገሪያ እንኳ በአውሮፓ በኩል እንዳያልፍ አጥብቀው አሳሰቡት።

የኢንተርፖል ቀይ ማስታወቂያም ማዘዣ ሳይሆን ተፈላጊውን ፈልጎ ለመያዝ ለአባል አገሮች የሚተላለፍ ጥያቄ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ይወስንበታል። ያላግባብ ስሜ ሰፍሯል የሚል ሰው ለድርጅቱ የመዝገብ ቁጥጥር ኮሚሽን በነጻ ማመልከት ይችላል። ይህን ስትሰማ እህቴ አለቀሰች፤ ያ ሰው ሊሸጥልን የነበረው በነጻ የሚገኘውን ነበርና።

ቅሬታዬ ወረፋው ነው፤ በቀጠሯችን ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን፣ በሦስት ቀን ይደርሳል የተባለው የጽሑፍ አስተያየትም በዘጠነኛው ቀን መጣ። ለምክሩ 2,000 ብር በደረሰኝ ከፍለናል። ጣሊያን ላለ ጠበቃ የሚላከውን ውክልና ግን ያለ ተጨማሪ ክፍያ አርቅቀውልናል።