ለሄንሪ ፎንዳ ብዬ ገዝቼ ሊ ጄ. ኮብን ያገኘሁበት ዲስክ

«ትዌልቭ አንግሪ ሜን» የተባለውን ፊልም በብሉሬይ ዲስክ የገዛሁት ለዋናው ተዋናይ ለሄንሪ ፎንዳ ብዬ ነበር። አይቼ ስጨርስ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ሌላው ተዋናይ ሊ ጄ. ኮብ ነው። ያ የሚጮኸው፣ ከልጁ ጋር የተጣላው አባት፣ ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም ብለው ከሚወስኑት 12 የጁሪ አባላት መካከል መጨረሻ ላይ በአቋሙ ብቻውን የሚቀረው።

ፊልሙ የ1957 ነው፣ ጥቁርና ነጭ፣ 96 ደቂቃ። የምስሉ ጥራት ግሩም ነው። ጁሪዎቹ የሚከራከሩበት ክፍል በጣም ስለሚሞቅ የኮብ ፊት ላይ ላቡ ሲወርድ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ የልጁን ፎቶ ቀዳዶ ሲያለቅስ ደግሞ እኔም አብሬው አለቀስኩ፣ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ ሲያስጠላኝ የቆየ ሰው በአንድ አፍታ አንጀቴን በላው።

ኮብ የመድረክ ሰው ነበር። በ1930ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ግሩፕ ቲያትር ከተባለው የቲያትር ቡድን ጋር ሠርቷል። በ1949 ብሮድዌይ ላይ ዊሊ ሎማንን፣ የአርተር ሚለር «የሻጩ ሞት» (Death of a Salesman) ተውኔት ዋና ገፀ ባህሪን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው እሱ ነው። ገፀ ባህሪው ከ60 ዓመት ያለፈ ሽማግሌ ነው፣ ኮብ ግን ያኔ ገና 37 ዓመቱ ነበር! ለኦስካር ሁለት ጊዜ ታጭቶ አንዴም አላሸነፈም፤ ይሄ በጣም ያናድደኛል።

የዲስኩ ማስቀመጫ ሲደርሰኝ ተሰንጥቆ ነበር፣ ሻጩ ግን ወዲያው ቀየረልኝ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ የኮብን ጎርናና ድምፅ በደንብ ለመስማት ከፍ አድርጋችሁ እዩት። አምስት ኮከብ።