ለፊት ነርቭ ሕመም፦ ቀዶ ሕክምና ወይስ ጨረር?

ጥርስ መፋቅ ወይም ጉንጭን ነፋስ መንካቱ ብቻ እንደ መብረቅ የሚወጋ ሕመም የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች አሉ። ብዙ ጊዜ ሰበቡ አንድ የደም ሥር የፊትን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰውን አምስተኛውን የራስ ቅል ነርቭ ከአንጎል ግንድ አጠገብ መጫኑ ነው። ካርባማዜፒን የተባለው መድኃኒት አልበቃ ሲል ከሚታሰቡት ሕክምናዎች መካከል ሁለቱን እናስተያይ።

አሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ፒተር ጃኔታ ያስፋፋው ቀዶ ሕክምና ሰበቡን ራሱን ያስወግዳል። ከጆሮ ጀርባ በሳንቲም ስፋት አጥንት ይከፈታል፤ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ የደም ሥሩን ከነርቩ አላቅቆ በመካከላቸው የቴፍሎን ቁራጭ ይወትፋል። አዎ፣ ያው የመጥበሻው ቴፍሎን! እፎይታው አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይመጣል። በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ከ10 ዓመት በኋላም 70 በመቶ ያህሉ ያለ መድኃኒት ከሕመም ነፃ ነበሩ። ሆኖም ሙሉ ሰመመን ይጠይቃል፤ አልፎ አልፎ የአንድ ጆሮ መስማት ይጎዳል።

የስዊድናዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም የላርስ ሌክሴል የጨረር መሣሪያ፣ ጋማ ናይፍ፣ ስሙ ቢላዋ ቢሆንም ቆዳ አይቀድም። ጨረሩ ነርቩን ሆን ብሎ ያቆስላል እንጂ የደም ሥሩን አያነሳም። ታካሚው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል፤ እፎይታውን ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይጠብቃል። ፊት ሊደነዝዝም ይችላል።

ኤምአርአይ ነርቩን የተጫነ የደም ሥር ካሳየና ሰውየው ሰመመን የሚችል ከሆነ፣ እኔ ወደ ቀዶ ሕክምናው አደላለሁ። ልባቸው ለደከመ አዛውንት ግን ጨረሩን።