40 ፍሬ ነባር የበቆሎ ዘር፦ ዘሩ ድንቅ ነው፣ እሽጉ ግን አንሷል

በኢንተርኔት አዝዤ ያስመጣሁት እሽግ ነው። ላዩ ላይ «ነባር በቆሎ፣ ባለ ብዙ ቀለም» ይላል፤ ውስጡ 40 ፍሬ። አስተያየቴን የምጽፈው ዘርቼ፣ አርሜ፣ ሰብስቤ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ሌሎች ገዢዎች የጻፉትን አንብቤዋለሁ። ብዙዎቹ «አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ሆነብኝ፣ እኩል አልደረሰልኝም» ብለው ቅር ተሰኝተዋል። እኔ ደግሞ የወደድኩት እሱኑ ነው።

መዳፌ ላይ ስዘረግፈው ነጭ፣ ቢጫ፣ ደም የመሰለ ቀይ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ወጣ። አንዱ እንደ ጠጠር ጠንካራና የሚያብለጨልጭ፣ አንዱ አናቱ ላይ ስርጉድ ያለ፣ አንዱ ደግሞ በጥፍር ሲጫር ዱቄት የሚሆን ነው። ከ40ው 36ቱ በቀሉልኝ። አንዳንዱ ደረቴ ጋ ቆመ፣ አንዳንዱ ከቁመቴ አልፎ ሄደ። ከመጀመሪያው አበባ እስከ መጨረሻው ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀ። ልክ ያኔ ዝናቡ ቀጥ አለና ቀድመው ያበቡት ፍሬ ሳይቋጥሩ ቀሩ፤ ዘግይተው ያበቡት ግን ዝናቡ ሲመለስ ደረሰላቸው። ሁሉም በአንድ ቀን ቢያብቡ ኖሮ ባዶ እጄን ነበር የምቀረው።

እኩልነት የራሱ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ዲቃላ በቆሎ በእናቱ በኩል ከአንድ የዘር ሐረግ የመጣ ስለነበር አንድ የቅጠል ፈንገስ ገብቶ ከአገሪቱ ምርት 15 በመቶ ገደማ አጥፍቷል።

አሁን ወደ ዛላው ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። የመጀመሪያውን ስልጥ በቢጫው መሃል 11 ሰማያዊ ፍሬ እዚህም እዚያም ተበትኖ አገኘሁ። በዛላው ጫፍ ከምናያቸው ፀጉሮች እያንዳንዷ ለአንዲት ፍሬ ናት፤ በነፋስ የመጣ የወንዴ አበባ ብናኝ ያርፍባትና ፍሬዋ ትፀነሳለች። ስለዚህ በአንድ ዛላ ላይ እናት አንዲት፣ አባት ግን ብዙ ነው። የሰማያዊው አባት ቀለም እዚያው በዚያው ዓመት ፍሬው ላይ ይታያል። ሌላው ዛላ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ነበር፤ ያ ቀይ የውጪው ቆዳ ነው፣ ቆዳው ደግሞ የእናትየው ስለሆነ አባቱ ማንም ቢሆን አይለወጥም። ይህን ሁሉ ዓይነት የፈጠሩት ሰዎች ናቸው። ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት ደቡብ ሜክሲኮ ውስጥ ቴኦሲንቴ ከሚባል ሣር ተነስተው፣ ዘር እየመረጡ።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ 40 ፍሬ አይበቃም። በቆሎ እርስ በርሱ የሚዳቀል ሰብል ነው፤ በጥቂት ተክሎች ብቻ ዓመት ከዓመት ዘር ከያዝንለት ዘረመሉ እየጠበበ፣ ተክሉም እየቀጨጨ ይሄዳል። ሻጩ ቢያንስ 100 እና ከዚያ በላይ ቢያሽግ ኖሮ ዘሩን ማቆየት ለሚፈልግ ሰው ይሆን ነበር። ሁለተኛ፣ ዘሩ ከደጋ ይሁን ከቆላ፣ ከየትኛው አካባቢ እንደተሰበሰበ እሽጉ ላይ አልተጻፈም። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንዳንዱ የሐሩር አካባቢ በቆሎ ቀኑ ረጅም በሆነበት አገር ቶሎ አያብብም።

ለዘሩ 5 ኮከብ፣ ለአስተሻሸጉ 2። ለሚቀጥለው ወቅት ሦስት እሽግ አዝዣለሁ፤ የራሴን ዘር ቀላቅዬበት እዘራዋለሁ። ከ11ዱ ሰማያዊ ፍሬዎች ውስጥ አንዷንም አልበላሁም።