ለጦሳና ለሐረጎ ቁልቁለት የትኛው ሳይክል? አዲስ ባለ ሁለት ሾክ፣ ያገለገለ ሃርድቴይል ወይስ ያገለገለ ፉል ሰስፔንሽን

ይህ ንጽጽር ከአስፋልት ለማይወርድ ሰው አይደለም። ደሴ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ለመመላለስ ፍሬኑ የሚይዝ ሳይክል ሁሉ ይበቃል። የምጽፈው ከጦሳ ተራራ ወገብ በባሕር ዛፍ መሃል ቁልቁል ለሚወርደው፣ በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ሐረጎ ላይ አስፋልቱን ትቶ በፍየል መንገድ ለሚታጠፈው፣ ክረምት ሣር ያለበሰውን የእግር መንገድ መስከረም ላይ ፈልጎ ለሚያገኘው ሰው ነው። እንዲህ ያለው መንገድ ሰው ስለማይበዛበት ከሣሩ ሥር ምን እንዳለ አይታወቅም፦ ጎርፍ የቦረቦረው ቦይ፣ የተናደ ካብ፣ ወይም የእግር ኳስ የሚያክል ልቅ ድንጋይ።

ገዢ ፊት የሚቀርበው ምርጫ በተግባር ሦስት ነው። አንዱ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው አዲስና ርካሽ ሳይክል፣ ሻጮች «ባለ ሁለት ሾክ» የሚሉት ነው። ሁለተኛው ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የገባ፣ ስም ያለው፣ ሾኩ ፊት ላይ ብቻ የሆነ ሃርድቴይል። ሦስተኛው ያገለገለ እውነተኛ ፉል ሰስፔንሽን፣ ማለትም ከፊትም ከኋላም መፈናጠሩን የሚያረግብ ሾክ ያለው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ከአሥር ሰው ለዘጠኙ ሁለተኛውን እመክራለሁ። ምክንያቴ ሾክ አይደለም። ፍሬን ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሳይክሉ ሲበላሽ እዚሁ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ መጠገን መቻሉ።

ዓይን የሚስበው

ባለ ሁለት ሾኩ ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ያምራል። ቴላዮው (የሳይክሉ አጥንት) ወፍራም ነው፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ከኮርቻው ሥር ቀይ ሞላ ተሰክቶበታል። ሻጩም «ወንድሜ፣ ይሄኮ ለኛ ተራራ ብለው የሠሩት ነው» ይላችኋል። እሺ በሉትና መሪውን በሁለት እጅ ይዛችሁ በሙሉ ክብደታችሁ ወደ ታች ተጫኑት፤ ከዚያ ባንድ ጊዜ ልቀቁት። ደህና ፎርክ (የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ) ረጋ ብሎ ይመለሳል፤ ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያለፈ ሞላውን ያዘገየዋል። ይሄኛው ግን ተፈናጥሮ የፊት ጎማውን ከወለሉ ያነሳዋል። ሞላ ብቻ ነው፣ የሚያረግበው የለም። ድንጋይ በበዛበት ቁልቁለት ያ መፈናጠር ጎማውን ከመሬት ያላቅቀዋል፤ ከመሬት የተላቀቀ ጎማ ደግሞ ፍሬንም አይዝለት፣ መሪም አያዞረው።

ቀጥሎ ከኋላ ዞራችሁ ቸርኬውን እዩ። በብዙዎቹ ርካሽ ሳይክሎች የኋላው ጥርስ እንዳለ እንደ ዳዶ ተጠምዝዞ የሚጠብቅ ፍሪዊል ነው። እንዲህ ሲሆን የቀኙ ኩሽኔታ ከጥርሶቹ ወደ ውስጥ ርቆ ይቀመጣል፤ ከኩሽኔታው ወደ ውጭ የወጣው ዘንግ የሚደግፈው ነገር የለውም። ከካብ ላይ እየዘለለ የሚያርፍ ሰው ይህ ዘንግ ይጎብጥበታል፣ ሲብስም ይሰበርበታል። በሻሉት ሳይክሎች ጥርሱ የሚቀመጠው ፍሪሃብ ላይ ነው፤ ኩሽኔታው እስከ ቴላዮው ጠርዝ ድረስ ይወጣልና ዘንጉ ጭነቱን ይችላል።

ሌላው ሳይነበብ የሚታለፈው ቴላዮው ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ነው። ኤኤስቲኤም የሚባለው የአሜሪካ ምደባ ሳይክሎችን ከ1 እስከ 5 ይመድባል። 2 የተጻፈበት ለጠጠር መንገድ ነው፤ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍታ አይዘለልበትም። 3 ሻካራ የተራራ መንገድ ይችላል፤ እስከ 61 ሴንቲ ሜትር። አንዳንዱ ባለ ሁለት ሾክ ላይማ ከነጭራሹ ከመንገድ ውጭ እንዳይነዳ የሚል ተለጥፎ ይገኛል፤ በትንንሽ ፊደል፣ ከሥር በኩል።

ስለዚህ በጀታችሁ ከዚህ የማያልፍ ከሆነ ምክሬ ቀላል ነው፦ በዚያው ገንዘብ ሾክ የሌለው ወይም ፊቱ ብቻ ሾክ የሆነ ቀለል ያለ ሳይክል ግዙ። የሚበላሽ ነገር ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ነገሩ ሁሉ ፍሬን ነው

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመሃል 650 ሜትር ቁልቁለት አለ። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ ሳይክል ይዞ ይህን ሲወርድ 600 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት አንድ ቦታ መግባት አለበት። በአስፋልቱ ላይ ነፋሱ ብዙውን ይወስደዋል። ቀስ ተብሎ በሚወረድ ገደላማ መንገድ ላይ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ወደ ፍሬኑ ይገባል፤ ሁለት ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ይህን የሚሸከመው ከእጅ መዳፍ እምብዛም የማይሰፋ ስስ ብረት ነው።

ቸርኬውን ራሱን የሚይዘው የድሮው የጎማ ፍሬን እዚህ አይታሰብም። ሙቀቱ በቸርኬው አልፎ ከመነዳሪውን ያገኘዋል፤ ጭቃ ሲነካው ደግሞ መያዙን ይተዋል። ዲስክ ያስፈልጋል። ዲስክ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ባለ ገመድና ባለ ዘይት።

ባለ ገመዱ በርካሾቹ ላይ የሚመጣ ነው። ጣት ያደክማል፣ ዲስኩን የሚጨብጠው ሸራ ባለቀ ቁጥር በእጅ ማጥበቅ አለ። ጥቅሙ ገመዱ ቢበጠስ የትም ሳይክል ጠጋኝ ዘንድ በደቂቃ መቀየሩ ነው። ባለ ዘይቱ በአንድ ጣት ይይዛል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ይህ ቅንጦት አይደለም፤ እጁ የዛለ ሰው መሪውን በወጉ አይጨብጥም። ሃርድቴይሉን ከባለ ሁለት ሾኩ በላይ የሚያስመርጠኝም ይኸው ነው፦ ስም ያለው ያገለገለ ሃርድቴይል አብዛኛውን ጊዜ ባለ ዘይት ፍሬን ይዞ ይመጣል።

ባለ ዘይቱን ስትገዙ አንድ ጥያቄ አትዝለሉ፦ ዘይቱ ምንድነው? የሺማኖ ኩባንያ ፍሬኖች ሚኒራል ዘይት ነው የሚጠጡት። የስራም ኩባንያ ፍሬኖች ለብዙ ዓመታት የተሠሩት በዶት ፍሬን ዘይት ነው፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የወጡ አንዳንዶቹ ብቻ ወደ ሚኒራል ዞረዋል። በውጭ አገር ንጽጽሮች ይህ በአንድ መስመር ይታለፋል። እኛ ጋ ግን ትልቅ ነገር ነው። ዶት 4 የመኪና ፍሬን ዘይት ነው፤ ደሴም ኮምቦልቻም መለዋወጫ ሱቅ ባለበት ሁሉ ይገኛል። ሚኒራሉን ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ግድ ይላል። ጣጣው የሚመጣው ሁለቱ ሲምታቱ ነው። ጋራዥ ወስዳችሁ «ፍሬኑ ዘይት ጎደለው» ስትሉት መካኒኩ በቅንነት የመኪናውን ዘይት ይሞላዋል፤ የሺማኖ ከሆነ ውስጡ ያሉት ጎማዎች ያብጣሉ፣ ፍሬኑም አበቃለት። የሚገባው ዘይት ዓይነት ብዙ ጊዜ በፍሬን መያዣው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ለጋራዡም አሳዩት። ዶት የሚጠጣውም ቢሆን ዶት 5 የሚባለውን አይቀበልም፣ እሱ ሲሊኮን ነው። ዶት 4 ቀለም ይልጣልና ቴላዮው ላይ ከተንጠባጠበ ቶሎ በውሃ እጠቡት።

ዲስኩንም አገላብጣችሁ አንብቡ። «ሬዚን ፓድ ኦንሊ» የሚል ከተቀረጸበት ለስላሳውን ሸራ ብቻ ነው የሚቀበለው። ለስላሳው ሸራ ድምፅ የለውም፣ ሲጀመርም ጥሩ ይይዛል፤ በጭቃና በረጅም ቁልቁለት ግን ቶሎ ያልቃል። የብረት ቅይጡ ሸራ ይጮኻል፣ ዕድሜው ግን ይረዝማል፣ ሙቀትም ይችላል። ለሐምሌና ለነሐሴ ጭቃ እሱ ነው የሚያዋጣው። የፊቱን ዲስክ ከ160 ወደ 180 ሚሊ ሜትር ማሳደግ፣ ፎርኩ የሚፈቅድ ከሆነ፣ በትንሽ ገንዘብ ብዙ የሚገኝበት ለውጥ ነው።

ሽቅቡን ማን ይገፋዋል

የወረደ ይወጣል። ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወደ ደሴ አናት የሚወጣ ሰው ማርሹን ይቁጠር። ርካሹ ሳይክል «21 ማርሽ» ተብሎ ይሸጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የፊቱ ትንሹ ባለ 24 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ ባለ 28 ነው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላ ቸርኬው 0.86 ዙር ይሄዳል ማለት ነው። አዲስ ዘመን ሃርድቴይል ፊቱ አንድ ባለ 32፣ ኋላው እስከ 51 ጥርስ ሲሆን 0.63 ይደርሳል፤ ያረጀ ግን ደህና ሃርድቴይል በ22 እና በ34 ከዚያው አይርቅም። የማርሹ ብዛት ምንም አይነግራችሁም፤ ትንሹና ትልቁ ጥርስ ነው የሚነግራችሁ።

ክብደትም አለ። ባለ ሁለት ሾኩ 18 ኪሎ ይጠጋል፤ ሃርድቴይሉ ብዙ ጊዜ 13 ወይም 14፤ ፉል ሰስፔንሽኑ 15 ገደማ። ሰው በማይበዛበት ገደላማ መንገድ ሳይክል የሚነዳውን ያህል ትከሻ ላይም ይወጣል። ሃርድቴይል የቴላዮው መሃል ክፍት ስለሆነ ትከሻ ይገባበታል። ፉሉ ላይ ሾኩ ቦታውን ይዞታል፤ መሸከሙ ጭንቅ ነው።

ፉል ሰስፔንሽን ለማን ይሆናል

እውነተኛው ፉል በልቅ ድንጋይ ላይ ሲወርድ የሚወዳደረው የለም። የኋላ ጎማው መሬቱን አይለቅም፤ ስለዚህ ፍሬኑም ይይዛል፣ ወገብም ያርፋል። ግን ሾኩ በአየር የሚሠራ ነው፤ የሚፈልገው ግፊት እስከ 300 ፒኤስአይ ይደርሳል። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር አይደርስበትም፤ የራሱ ትንሽ የሾክ ፓምፕ ያስፈልገዋል። ሮክሾክስ የሚባለው ሾክ አምራች የፎርኩ የታችኛው ክፍል በየ50 ሰዓት መንዳት ተከፍቶ ዘይቱ እንዲቀየር ይመክራል። የመታጠፊያዎቹ ኩሽኔታዎች ክረምቱን ጭቃ ሲጠጡ ከርመው መስከረም ላይ መንቀጫቀጭ ይጀምራሉ። ዘይት የሚይዘው ጎማ ማኅተሙ፣ ቡሺንጉ፣ ሁሉም በልኩ የሚታዘዝ ነው። በራሳችሁ እጅ የምትፈቱ የምትገጥሙ ከሆናችሁ፣ ከውጭ ዕቃ የሚልክላችሁ ዘመድም ካለ፣ አብሽሩ፣ ግዙት። ካልሆነ ግማሹን ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው የሚያሳልፈው። ካርቦን ቴላዮ ከሆነ ደግሞ ያገለገለውን አልመክርም፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ካርቦን ላዩ ደህና ሊመስል ይችላል።

ጎማ፣ ቫልቭና አንዲት ትንሽ ብረት

26 ኢንች ጎማና ከመነዳሪ ባለፉበት ሁሉ ይገኛል። 29 ድንጋይና ቦይ በቀላሉ ይሻገራል፣ ጥርስ ያለው ጎማው ግን እንደልብ አይገኝም፤ ስትገዙ ትርፍ አብራችሁ ያዙ። ለክፉ ቀን ባለ 26 ከመነዳሪ በ29 ጎማ ውስጥ ተለጥጦ ቤት ያደርሳል። ከውጭ የሚመጡት ግን ብዙዎቹ ቀጭን ቫልቭ ናቸው፤ የቸርኬው ቀዳዳም ጠባብ ስለሆነ የመኪና ዓይነቱ ወፍራም ቫልቭ ያለው ከመነዳሪ አይገባበትም፣ የጎሚስታው መንፊያም አይገጥመውም። የምትጠመዘዝ ትንሽ የነሐስ ማገናኛ መንፊያውን ታስማማዋለች፤ ቁልፍ መያዣችሁ ላይ ይኑር። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ የግራር እሾህ ውስጥ የምትነዱ ከሆነ ከመነዳሪውን አውጥቶ ማሸጊያ ፈሳሽ መጨመር ያዋጣል፤ በወራት ውስጥ እንደሚደርቅና እንደሚታደስ ግን ዕወቁ።

የኋላውን ማርሽ ቀያሪ ከቴላዮው ጋር የምታያይዘው ቁራጭ አሉሚኒየም ሃንገር ትባላለች። ድንጋይ ሲመታት ቴላዮውን አድና እሷ እንድትሰበር ነው የተሠራችው። ችግሩ በየሳይክሉ ቅርጿ ይለያያል፤ የአንዱ ለአንዱ አይሆንም። ሻጩ ትርፍ ካለው ዋጋ ላይ ከመከራከር ይልቅ እሷን አስጨምሩ።

ያገለገለ ስታዩ መሪው ከቴላዮው የሚጋጠምበትን ብየዳ በጨርቅ ጠርጋችሁ በስልክ መብራት መርምሩ፤ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ ትታችሁ ሂዱ። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ግፉት፤ ቀጭ ቀጭ ካለ መሪው ላይ ያለው ኩሽኔታ ላልቷል፣ ወይም ፎርኩ ውስጡ ተበልቷል። የመጀመሪያው በቀላሉ ይጠገናል፣ ሁለተኛው ግን ዋጋ ማስቀነሻ ነው። የፍሬን መያዣውን ጨብጣችሁ አቆዩት፤ እየሰመጠ መሪውን ከነካ የሆነ ቦታ ዘይት ያፈሳል ወይም አየር ገብቶበታል።

መንገዱ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። ሰኞ ገበያ ቀን በእነዚያው ቀጫጭን መንገዶች እህል የጫነች አህያና ባለቤቷ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ገበያተኛ ስታዩ ከሩቅ ቆማችሁ ወደ ላይኛው ዳር ውጡ፤ አህያዋ ደንብራ ጭነቱ ገደል ቢገባ ካሳው ከሳይክሉ ይበልጣል። ከብት እንዳይገባ በተከለሉት ተዳፋቶችና በአዳዲሶቹ እርከኖች ላይ ጎማ አይለፍ፤ ካቡን የሠራው ሰው እዚያው አካባቢ ነው።

ከግዢው የተረፈ ገንዘብ ካለ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሄልሜት፣ የብረት ቅይጥ ሸራ፣ ወፍራም የፊት ጎማ፣ ከዚያ ትልቁ ዲስክ። ባለ ቀለም ፔዳሉና ማልያው እስከሚቀጥለው ደመወዝ ይቆዩ።