ምስጋና ለጣናው ባለጀልባ (በክረምት ከባሕር ዳር በጀልባ ለምትወጡ ሁሉ)

በቅድሚያ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዘጠኝ ሰው፣ ከዘጠኙ አንዷ ጉልበታቸውን የሚያማቸው የሰማንያ ዓመት እናት፣ ሁለቱ ደግሞ ሕፃናት፣ ነሐሴ ላይ ጣና ወጥተው ሳይንገላቱ ተመልሰዋል። ይህን ያደረገው ባሕር ዳር የሚሠራ አንድ ባለጀልባ ወንድማችን ነው። ስሙ በአደባባይ እንዳይጻፍ ስለለመነ አልጻፍኩትም፤ ስልኩን ግን በውስጥ ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ሥራው ግን መጻፍ አለበት። ክረምት ላይ ከውጭ የሚመጣው ወገናችንም ሆነ ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ይዞ የሚመጣው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ጀልባ ሲከራይ ምን ማየት እንዳለበት ከዚህ ሰው አሠራር ይማራል።

አስቀድሜ ምሬቱን ላውጣው። ማንንም በስም አልጠራም፣ የት እንደሆነም አልናገርም። ግን ስንት ዓይነት በደል አለ መሰላችሁ! ዳር ላይ «ለጀልባው በሙሉ» ተብሎ የተቆረጠ ዋጋ ሐይቁ መሐል ሲደረስ «በነፍስ ወከፍ ነው ያልኩት» ይሆናል። አምስት ገዳም ተብሎ ተወጥቶ ሁለቱ እንደታዩ «ማዕበል መጣ» ተብሎ ይመለሳል፤ ማዕበሉም አልመጣም፣ ያለቀው ቤንዚኑ ነው። ለአሥር ሰው በተሠራ ጀልባ አሥራ አምስት ይጫናል። ላይፍ ጃኬት ሲጠየቅ «ጣና እንደሆነ ረግቶ የተኛ ነው፣ ምን ያደርግላችኋል» ይባላል፤ ከመቀመጫ ሥር ሲወጣ ደግሞ መቆለፊያው የተሰበረ፣ ስፖንጁ ውሃ ጠጥቶ የከበደ ነው። ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ሴቶችን ክብራን ገብርኤል ወስዶ ዳር ላይ ማስቀመጥ ነው። ሴት እንደማይገባበት ባለጀልባ ሆኖ የማያውቅ የለም። ስንት አገር አቋርጠው የመጡ እህቶች ወንዶቹ ተሳልመው እስኪመለሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ቀድሞ አንድ ቃል ቢነገራቸው እኮ መንገዱን ይቀይሩ ነበር!

ይህ ወንድማችን ከዋጋው በፊት የጠየቀው ይህንኑ ነው። «ስንት ሴት፣ ስንት ወንድ ናችሁ? መራመድ የሚቸገር አለ? ሕፃናቱ ስንት ኪሎ ናቸው?» አለ። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ ሴት እንደማይገባባቸው፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ እንጦስ ኢየሱስ፣ ደብረ ማርያምና ናርጋ ሥላሴ ግን ሁሉም እንደሚሳለምባቸው አንድ በአንድ ነገረን። ቀጥሎም ሰዓቱን አስላልን። ደብረ ማርያም ከባሕር ዳር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ኡራና አዝዋ ያሉበት ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ናርጋና ዳጋ ግን ለመሄድ ብቻ ሦስት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል።

ከቤተሰቡ መካከል እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ለማየት የጓጉ ነበሩ። እሱ ግን አይሆንም አለ። ናርጋ መሄድ ለእሱ ከዘጌ እጥፍ በላይ ገንዘብ ነው። ምክንያቱን እንዲህ አስረዳ፦ ክረምት ላይ ጣና ጠዋት ይረጋል፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ዝናቡም የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። ናርጋ ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት ውሃ ላይ ስለሆነ መመለሻው የግድ ማዕበሉ ላይ ይወድቃል። ጣና ስፋቱ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ጥልቀቱ ከበዛ 14 እና 15 ሜትር ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ላይ ማዕበል ሲነሳ አጭርና ተደራራቢ ይሆናል፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ጎን ጎኑን ይመታል። ወጣት ይችለዋል፣ የሰማንያ ዓመት እናትና ሕፃን ግን አይችሉትም። «ናርጋን ጥቅምትና ኅዳር ኑና በሌሊት ተነስተን እወስዳችኋለሁ፤ ዛሬ ዘጌ ይበቃናል» ብሎ ጨረሰ። ገንዘብ እያየ እንቢ የሚል ባለጀልባ ካገኛችሁ እሱን ያዙት!

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን። ከመነሳቱ በፊት ያደረገውን በዝርዝር የምጽፈው እናንተም ቆማችሁ እንድታዩት ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ቤንዚኑን ከጀሪካን ወደ ሞተሩ ነዳጅ መያዣ እንዲሁ አልገለበጠም፤ በማንቆርቆሪያ ላይ ባደረገው ደቃቅ ወንፊት አሳልፎ ቀዳ፣ የጀሪካኑን ቂጥ ሁለት ጣት ያህል ደግሞ ትቶት ወጣ። ቤንዚን በሚጠፋበት ጊዜ በሃይላንድ ተሞልቶ ከመንገድ የሚገዛው ውሃና ቆሻሻ አያጣውም። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ሐይቁ ረግቶ ሳለ ምንም አይታወቅም፤ ማዕበል ሲያናውጠው ግን ይነሳና ወደ ካርቡራቶር ይገባል፣ ሞተሩ ማሳል ይጀምራል፣ ይጠፋል። ሞተር መሐል ሐይቅ ላይ ልክ በማዕበሉ ሰዓት የሚጠፋው ለዚህ ነው እንጂ እድል አይደለም። ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልበት ዓይነት ሞተር ስለሆነ ለ25 ሊትር ጀሪካን ግማሽ ሊትር ዘይት ለክቶ አደረገ፤ በግምት አልጨመረም። ሲያንስ ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለትም ግሎ ይጣበቃል፣ ሲበዛ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል። መጠኑን ደግሞ ለመሄጃ አንድ እጅ፣ ለመመለሻ አንድ እጅ፣ ለክፉ ቀን አንድ እጅ ብሎ ይይዛል።

የሰው ቁጥር ላይም ጥብቅ ነው። ጀልባው አሥራ ሁለት ይይዛል ይባላል፤ እሱ ከአሥር አያሳልፍም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንድ እጅ የሚጠጋውን ያጣል። 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት ሞተር እዚህ 33 ያህል ነው የሚሰጠው። ፋብሪካው የጻፈውን ቁጥር አምኖ የሚጭን ሰው ጀልባው ከውሃው ላይ ከፍ ብሎ ሳይንሸራተት ውሃ እየገፋ ይሄድና ቤንዚኑን ይጨርሳል።

ላይፍ ጃኬቱን ሁላችንም ሳንለብስ ገመድ አልፈታም። ለሕፃናቱ የአዋቂ አላለበሰም፤ የልጅ ይዞ መጥቷል። ካለበሳቸው በኋላ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ሳብ አደረገው፤ ጃኬቱ አገጭ ካለፈ ልጁ ውሃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል ማለት ነው። እግር መሐል የሚያልፈውን ማሰሪያም አጠበቀ። ይህችን ነገር ሌላ ቦታ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከዘጌ ስንመለስ ነው። ይህ ሰው ሲነዳ በየሁለት በየሦስት ደቂቃው ወደ ኋላ ይዞራል፤ ምን እንደሚያይ ለማያውቅ ሰው ጭንቀት ይመስላል። የሚያየው ከሞተሩ ጀርባ የሚፈሰውን እርሳስ የምታህል ቀጭን ውሃ ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በራሱ በሐይቁ ውሃ ነው፤ ከፕሮፔለሩ በላይ ባሉት ወንፊት መሰል ቀዳዳዎች ይስባል፣ የጎማ ክንፍ ያላት ትንሽ ፓምፕ ወደ ላይ ትገፋዋለች፣ ተርፎ በጀርባ ይፈሳል። ያ ውሃ ሲቀጥን ሞተሩ መታነቁ ነው፣ ሲቋረጥ ደግሞ ለመቃጠል የቀረው ጥቂት ደቂቃ ነው። ክረምት ላይ ግልገል አባይና ሌሎቹ ገባሮች ጭቃ፣ እንጨት፣ ፌስታል ይዘው ይገባሉ፤ ከሰሜንና ከምሥራቅ ዳርቻ የተገነጠለ እምቦጭም በነፋስ እየተነዳ ይመጣል።

ውሃው ቀጠነ። እኛ ምንም አላወቅንም፤ ሞተሩ ድምፁን እንኳ አልለወጠም። እሱ ግን ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ማርሹን ፎሌ አደረገ፣ አጠፋው። ረዳቱ ሳይታዘዝ መቅዘፊያውን አንስቶ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ አዞረ፤ ጀልባ ቆሞ ጎኑን ለማዕበል ከሰጠ ሊገለበጥ ይችላልና። ከዚያ ባለጀልባው ዞር ብሎ መጀመሪያ ያነጋገረው እማማን ነው። «እማማ፣ ሞተሩ ጉሮሮው ላይ ፌስታል ገብቶበት ነው። አወጣለትና እንሄዳለን። አትስጉ» አላቸው። «እሺ ልጄ፣ እመቤቴ ትርዳህ» አሉት።

ሞተሩን ወደ ላይ አዘነበለው። ጥቁር ፌስታል ከእምቦጭ ሥር ጋር ተጠላልፎ አንዱን ወንፊት ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። በቢላ አልቆረጠውም፤ ቁራጩ ወደ ውስጥ እንዳይገባ በጣቱ ቀስ እያለ ፈታው። ከኪሱ ቀጭን ሽቦ አውጥቶ ውሃው የሚወጣባትን ቀዳዳም ጠረገ። ሞተሩን መልሶ አወረደ፣ አስነሳ፣ ግን ወዲያው አልነዳም። ውሃው ወፍሮ እስኪወጣ በፎሌ ጠበቀ፣ እጁን ዘረጋና ሙቀቱን ነካ። ለብ ያለ ከሆነ ደህና ነው፣ የሚፋጅ ወይም እንፋሎት የሚያወጣ ከሆነ አጥፍቶ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ለብ ያለ ነበር። ሁሉም ነገር ስድስት ሰባት ደቂቃ ቢሆን ነው። ፌስታሉን ደግሞ ሐይቁ ላይ አልጣለውም፤ አጣጥፎ ከመቀመጫው ሥር አስገባው።

ያችን ቀጭን ውሃ የማያይ ነጂ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ነክሶ መሐል ሐይቅ ላይ ነበርን፣ ከቀትር በኋላ፣ ከእማማ ጋር። መለዋወጫ ቦርሳውን ከፍቶ አሳይቶናል፦ ሁለት ካንዴላ ከነመፍቻው፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ትርፍ የማስነሻ ገመድ፣ የፕሮፔለሩ ፒን ሁለት ፍሬ፣ የቤንዚን ፊልትሮ። ስትከራዩ «ቦርሳህን አሳየኝ» በሉ። የሚቆጣ ከሆነ ቦርሳ የለውም ማለት ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር፤ እነዚህ የሰውየውን ልብ ስለሚያሳዩ ነው። ከዘጌ እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፉ የደንገል ታንኳዎች አሉ። ታንኳ ጠርዙ ከውሃው ብዙም ከፍ አይልም፤ ባለሞተሩ በፍጥነት ሲያልፍ የሚፈጥረው ሞገድ ጭነቱንም ሰውየውንም ያርሰዋል። ደንገል ደግሞ ውሃ የሚጠጣ ነገር ነው፣ በየቀኑ ወጥቶ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ብዙዎቹ ባለሞተሮች አጠገባቸው በፍጥነት ያልፋሉ። እሱ ግን መቶ እርምጃ ሲቀረው ቀንሶ፣ ከታንኳው ኋላ ራቅ ብሎ ዞሮ፣ እጁን አንስቶ ሰላም ብሎ ነው የሚያልፈው። በአንድ ጠዋት አራት ጊዜ እንዲህ አደረገ። እግዚአብሔር ያክብርህ ወንድሜ!

ሌላው በርጩማዋ ናት። የጀልባው አፍንጫ ላይ በገመድ የታሰረች አጭር የእንጨት በርጩማ አለች፤ እንዳታንሸራትት እግሮቿ ሥር የጎማ ቁራጭ ተመትቶባታል። መውረጃው ላይ ጀልባውና ድንጋዩ በጉልበት ልክ ይበላለጣሉ፣ አዛውንት የሚሰበሩትም እዚያ ነው። ረዳቱ ወርዶ ጀልባውን ያዘ፣ እሱ በርጩማዋን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ፣ «እማማ፣ መጀመሪያ የሚያምዎትን እግር» እያለ አወረዳቸው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ከመውረጃው ሃያ ደቂቃ ያህል ሽቅብ ነው፣ በቡናው ጫካ መሐል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው ያንሸራትታል። እሱ ከመነሳታችን በፊት ዱላ ይዞላቸው ነበር። ለቅርቡ ለአዝዋ ማርያም ብቻ ይበቃሉ ብለን ነበር፤ ኡራም ደርሰው የመቅደሱን ሥዕል አይተው ተሳልመው ወረዱ።

በዋጋው አንዲት ሳንቲም አልጨመረም። የተስማማነው ለጀልባው በሙሉ፣ ከነመጠበቂያው ነበር፤ የገዳማቱ መግቢያ ለየብቻው እዚያው በጥሬ ገንዘብ እንደሚከፈል አስቀድሞ ነግሮናል። አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ለማየት ዞር ያደረገንም በዚያው ዋጋ ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ከሃምሳ ሜትር ሳይጠጋ፣ ጉማሬውና ጥልቁ ውሃ መካከል ሳይገባ አሳየን። ሁሉም ለፎቶ በአንድ ጎን ሲነሳ «ተራ በተራ፣ ተቀምጣችሁ» ብሎ አስቀመጠ።

እባካችሁ ለዚህ ሰው ሥራ ስጡት፣ ለምታውቁትም አሳውቁ። ከምትሄዱበት ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ደውሉ፤ ቤንዚን ፈልጎ የሚያጠልበት ጊዜ ይፈልጋል። በየወሩ በ16 ለኪዳነ ምሕረት ተሳላሚ ስለሚበዛ፣ ነሐሴ 16 ደግሞ ይበልጥ ስለሚበዛ፣ ለእነዚህ ቀናት ከሳምንት በፊት ያዙት። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲላችሁ አንድ ሰዓት ተገኙ፣ ሦስት ሰዓት ብትመጡ ዘጌን አይወስዳችሁም። ልጅ ካላችሁም ኪሎውን በስልክ ንገሩት፣ ጃኬቱን በልኩ ይዞ ይመጣል።