ባለ ገመዱ የቦያ ማይክ፦ ድሬ ላይ ሽማግሌ ለሚቀርፅ ሰው

ቃለ መጠይቅ ልቀርፅ ነው ብሎ መጀመሪያ ስልክ ለመቀየር የሚሮጥ ካለ ትንሽ ይቆይ። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ሰው ያያል። ድምፁ ካልተሰማ ግን ማንም አይታገስም፣ ወዲያው ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ብሩ መጀመሪያ ማይክ ላይ ይዋል። እኔ የምጠቀመው ቦያ ቢዋይ-ኤም1 የሚባለውን ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ነው። የያዝኩት የድሮ የምድር ባቡር ሠራተኞችን ለመቅረፅ ሲሆን ለዚህ ሥራ ከልቤ ወድጄዋለሁ።

ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በፈረንጆቹ 1902 ነው፣ ከተማዋም የተቆረቆረችው ከእሱ ጋር ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በዚያ መስመር ላይ የሠሩ አባቶች ሲያወሩ አማርኛውን ከኦሮምኛው፣ ከሶማልኛውና ከፈረንሳይኛ የሥራ ቃል ጋር እየቀላቀሉ ነው፣ ድምፃቸውም በዕድሜ ደክሟል። አንዷ ቃል ከተዋጠች በኋላ ተመልሰህ የምትጠይቀው ሰው ላታገኝ ትችላለህ። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ ገመዱ 6 ሜትር ነው። ስልኩን ትራይፖድ ላይ አቁመህ ራቅ ብትል እንኳ ማይኩ አፍ አጠገብ ነው። ገመዱ ላይ ባለችው ትንሽ ሳጥን ስልክ ወይም ካሜራ ትመርጣለህ። ለስልክ ባትሪ አያስፈልገውም። ለካሜራ ግን ኤልአር44 የምትባለዋን ክብ ባትሪ ይፈልጋል፣ ስትጨርስ ካላጠፋኸው ያልቃል። ገመድ አልባዎቹ ምቹ ናቸው፣ አልክድም። ግን ቻርጅ ይፈልጋሉ፣ መብራት ደግሞ መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም።

ማይኩ ድምፅ የሚወስደው ከሁሉም አቅጣጫ ነው። ይሄ ድሬ ላይ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ያለ ቬንትሌተር የሚቀመጥ ቤት የለም። አጥፉልኝ በል፣ ይሉኝታ አይያዝህ። ግን ቬንትሌተሩ ጠፍቶ ማንም ሽማግሌ ብዙ አይቆይም፣ ስለዚህ በማለዳ ሂድ። የቀትሩ ሙቀት ሳይመጣ፣ ባጃጁም ሳይበዛ። ከምሳ በኋላ በርጫ አለ፤ ጨዋታው ያኔ እንደሚደምቅ የታወቀ ነው፣ ሆኖም ጉንጭ በጫት ሲሞላ ንግግሩ ይታፈናል።

አሰካኩ ላይ ጊዜ ውሰድ። ከአገጭ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ይሰካ። የወንድ ሸሚዝ ላይ ቀላል ነው። እናቶች ጋ ግን የሚለብሱት ድሪያ ስስና የሚንሸራተት ጨርቅ ስለሆነ፣ ሻሹም ከላይ ስለሚወርድ፣ እጃቸውን ባነሱ ቁጥር ማይኩን ያሸዋል። የተቀረፀውን በጆሮ ማዳመጫ ብትሰማው እንደ ወረቀት ነው የሚንኮሻኮሸው። ሻሹን ወደ ኋላ አድርገው ማይኩን ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው ብትሰካላቸው ይሻላል። አንተ እጅህን ሰደህ አትሰካ፣ ነውር ነው።

አቀማመጥህን ደግሞ ከሌንሱ ጎን፣ በእሳቸው ዓይን ልክ አድርገው። ቆመህ ከጠየቅህ አንጋጠው ነው የሚያወሩት። መስኮት ከጀርባቸው አይሁን፣ በዚህ ፀሐይ ፊታቸው ጠቁሮ ይቀራል። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር መቅረፅ ያምራል፣ ነፋስ ካለ ግን አብሮት የሚመጣውን ስፖንጅ አልብሰው።

ማይኩ አንድ ስለሆነ የአንተ ድምፅ ከሩቅ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ መልሱ ራሱን ችሎ መቆም አለበት። «አባባ፣ ሥራ የጀመሩት መቼ ነው?» ብትል «በ17 ዓመቴ» ብለው ዝም ይላሉ። «ባቡሩ ላይ ሥራ የጀመሩበትን ቀን ያጫውቱኝ» ስትል ግን ታሪኩ ከነሰዉ ይመጣል። ሲጨርሱም ቶሎ ሌላ ጥያቄ አታስከትል። ዝም ብለህ ፊታቸውን እያየህ ጠብቅ። ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው። «እሺ፣ እሺ» እያልክ አታጅባቸው፣ ራስህን መነቅነቅ ይበቃል።

የማልወድለት ነገርም አለ። እየተቀረፀ እያለ ድምፁን የምትሰማበት የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ ትንሽ ቀርፀህ፣ ነቅለህ፣ አዳምጠህ ነው ወደ ዋናው የምትገባው። የድሮው ክብ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሌለው ስልክ የያዘ አዳፕተር መጨመር አለበት፣ ሁሉም አዳፕተር ደግሞ ማይክ አያስተላልፍም። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዛ እዚያው በራስህ ስልክ ሰክተህ ሞክረው። ቪዲዮ እየቀረፅህ ማይኩን በጣትህ ጫፍ ነካ ነካ አድርግ። ስታጫውተው ኳኳታው ጎልቶ ካልተሰማ ስልኩ የሚቀዳው በራሱ ማይክ ነው። ብር ሳትከፍል አዳፕተሩን ቀይር።